በጠራ ቀን ብቻ የሚመጣው የዓይን መኪና

ለክቡር አቶ ናም ጊቴክ፣ የደሴቶች ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ፣ በተለይም ለዓይንዎ ብርሃን ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። ቾ ማልሱን እባላለሁ፤ በሃንሶ ደሴት ከባለቤቴ ከፒዮ ዶንግሲክ ጋር ከባሕር ውሃ ጨው ሳወጣ ያረጀሁ ሴት ነኝ። ጽሕፈት ቤትዎ በእርጅና ዓይናችን እንዳይጠፋ ስለሚደክምልን ላመሰግን ብዕር አነሣሁ፤ እኔም ደክሞኛልና ቢንዛዛብዎ ይቅር ይበሉኝ።

1. ስላደሉን ጥቁር መነጽር እናመሰግናለን። የፀሐይ ብርሃን ከጨው ውሃው ላይ እየነጠረ ዓይን እንደሚጎዳ የነገሩን እውነት ነው። ነገር ግን ጥቁር መነጽር አድርጎ ለታላቅ ሰው እጅ መንሣት ነውር መሆኑን እርስዎም ያውቃሉ፤ በእኛ መንደር ደግሞ ከደጁ የወጣ ሰው ታላቁን ሳያገኝ ብዙ አይራመድም። ስለዚህ መነጽሩ ኪስ ውስጥ ይውላል። ሳያፍሩ ሊያደርጉት የሚችሉት የመንደሩ አንጋፋ እማማ ቦንግ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ከቤት አይወጡም። ሰፊ ባርኔጣ ማንንም ባላስቀየመ ነበር፤ የጠየቀን ግን የለም።

2. ቅጠላ ቅጠልና ዓሣ ብሉ፣ ሲጋራ አቁሙ ስላሉን እናመሰግናለን። ስፒናቹን የምናበቅለው እኛው ነን፤ ዓሣውም ከደጃችን ነው። ባለቤቴ ሲጋራውን ትቷል። «ለዓይኔ ብዬ መሰለሽ? ጭቅጭቅሽ ነው ያስተወኝ» ይለኛል። ይሁን፣ ዋናው መተዉ ነው።

3. የዓይን ምርመራ መኪናዎ በጀልባ የሚሻገረው ባሕሩ በተረጋጋ፣ ሰማዩ በጠራ የግንቦት ቀን ነው። ጨው የሚሰበሰበውም በዚያው ቀን ነው፤ ካላነሣነው ዝናብ ያሟሟዋል። ዝናብ ሲጥል እኛ ሥራ ፈትተን እንቀመጣለን፤ ያኔ ደግሞ ጀልባ የለም። አምና የመንደሩ አለቃ በድምፅ ማጉያው «እናቶች፣ አባቶች፣ ኧረ ሐኪሞቹ እየጠበቁ ነው፣ ምነው ቀራችሁ» እያለ ሲለምን፣ የባሕሩን ውሃ ለፀሐይ ከምናሰጣበት ከጨው መደቡ የተመለሰለት «ጨውህን ማን ያነሣልሃል፣ አንተ?» የሚል ነበር። የተመረመሩት ባለሱቁና የጀልባው ሠራተኞች ናቸው። ዓይናቸው ደኅና መሆኑን ሰምተን ደስ ብሎናል።

በዚያው ሰሞን ባለቤቴ የመደባችንን ውሃ የሚይዘው የጭቃ ክትር ተጣመመ ብሎ ተነሣ። «የዩንሂ አባት፣ ክትሩ እኮ ቀጥ ያለ ነው» ብዬ በልጃችን ስም ጠርቼ ብነግረው፣ «አንቺ ደግሞ መቼ ታዪና» ብሎ ተቆጣ። አፍርሰን ሠራነው። አሁንም ጠማማ ነው አለ፤ እንደገና አፈረስነው። የተጣመመው ክትሩ አለመሆኑን ያወቅነው ባሕሩን ተሻግረን ሐኪም ቤት ከሄድን በኋላ ነው። ሐኪሟ ቀጥ ያለውን አጣምሞ የሚያሳየው የቀኝ ዓይኑ መሆኑን፣ የመሐል ዕይታውም እንደጠፋና እንደማይመለስ፣ ቀደም ብሎ ቢታይ ግን ሕክምና ሊያቆየው ይችል እንደነበር ነገረችን። ስንመለስ ጀልባው ላይ አለቀስኩ፤ እሱ ስለ ክትሩ ይቅርታ ጠየቀኝ። የቀረችው ግራ ዓይኑ ናት፤ እሷንም እንዳያጣ እፈራለሁ።

4. በብርዱ ወራት ጨው አይሠራም፤ ባሕሩም የሚረጋጋባቸው ቀናት አሉት። መኪናው ያኔ ይምጣልን ብለን ስናመለክት፣ ዘመቻው ዓይንን ከፀሐይ ስለመጠበቅ በመሆኑ በፀሐይ ወር መካሄድ እንዳለበት ተነገረን። ስለ ማብራሪያው እናመሰግናለን።

ጽሕፈት ቤትዎ ከሰማዩ ሁኔታ ሌላ የእኛንም ሁኔታ እንዲመለከት እየለመንኩ፣ ወገቤ እስከሚፈቅድልኝ ድረስ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
ቾ ማልሱን

ማስታወሻ፦ ሰማዩ ከጠራ መኪናው በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚመጣ ሰምተናል። ባለቤቴ ጨውን ከውሃው መለየት ስላቃተው ዘንድሮ መደቡን ትቶ ቤት ውሏል፤ እባክዎ ወንበር ያስቀምጡለት። በጠራ ቀን ሥራ የሌለው የጨው ሠራተኛ ይኸው አግኝተዋል።