ጋሽ ደምሰውን ቶሌዶ አደባባይ ላይ ትቼ የሄድኩበት ምክንያት

ለተከበሩ ጋሽ ደምሰው
የቤተ ክርስቲያናችን የጉዞ ኮሚቴ ሰብሳቢ
አውሮራ፣ ኮሎራዶ

የተከበሩ ጋሽ ደምሰው፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ኮሚቴ ጤናና ሰላም እመኛለሁ፤ እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከስፔን በተመለስን በሦስተኛው ሳምንት የላኩልኝ የተግሣጽ ደብዳቤ ግሪን ቫሊ ራንች ያለው ቤቴ ድረስ በሰላም ገብቷል። በደብዳቤው «አረጋዊ አባትን በባዕድ አገር አደባባይ ላይ ጥላ በመሄዷ» በጽሑፍ ይቅርታ እንድጠይቅና ጽሑፉም በማኅበራችን የቴሌግራም ገጽ ላይ እንዲወጣ ታዝዣለሁ። ትእዛዝ አክባሪ ነኝና ይኸው በዚያው ገጽ ላይ እጽፋለሁ። ረዘም ቢልብዎ ይታገሡኝ፤ እኔም ቶሌዶ ላይ ታግሼዎታለሁ።

አብረውን ላልነበሩ ወገኖች ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ሃያ ሦስት ሆነን ከዴንቨር ስንነሣ፣ ከአሥሩ ቀን ፕሮግራም ውስጥ እኔ የጠበቅኩት አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ሐሙስ፣ ቶሌዶ፤ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የእግር ጉብኝት፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ነፃ ጊዜ።» እህቴ ዘሪቱ ማድሪድ ውስጥ አንዲት አሮጊት እቤታቸው እያደረች ታስታምማለች። ከተያየን አሥራ አንድ ዓመታችን ነው። ወደ አሜሪካ ለመምጣት ሁለት ጊዜ ቪዛ ጠይቃ ሁለት ጊዜ ተከልክላለች። እናታችን ከሦስት ዓመት በፊት ስታርፍ የመኖሪያ ወረቀቴ ስላላለቀ እኔ አገር ቤት መሄድ አልቻልኩም፤ አጠገቧ የነበረችው ዘሪቱ ናት። እማዬ በመጨረሻ ምን እንዳለች በጠየቅኳት ቁጥር «በስልክ የሚነገር አይደለም፣ ስንገናኝ» ትለኛለች። ዘሪቱ ከሥራ ዕረፍት የምታገኘው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው፤ ለአሮጊቷ የማታ መድኃኒት ለመድረስም የአሥራ አንድ ሰዓቱ አውቶቡስ ሊያመልጣት አይገባም። ስለዚህ ጠዋት በሆቴሉ ዋይፋይ ተጻጽፈን፣ ልክ በዘጠኝ ሰዓት ቢሳግራ ከሚባለው የከተማው በር ሥር ልንገናኝ ተቀጣጠርን። ይህንን ሁሉ ገና ከዴንቨር ሳንሳፈር ነግሬዎት ነበር፤ እርስዎም «ጎሽ፣ ዘመድ ደስ ይላል» ብለው መርቀውኛል። ስለ ምርቃትዎ ከልብ አመሰግናለሁ።

ቅሬታዎቼን፣ ኮሚቴው ቁጥር ስለሚወድ፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ዊልቸሩ። ወንበሩ የመጣው ለሰማንያ ዓመቷ የማኅበራችን እናት ለእማማ አስካለ ነበር። እማማ አስካለ ግን ገና ሲያዩት «እኔ እግር አለኝ» ብለው በከዘራቸው መንገዱን ጀመሩት። እርስዎም «ጉልበቴን ትንሽ ይሰማኛል፣ ወንበሩም ከመጣ አይቀር» ብለው ተቀመጡበትና «እህት መሠረት ትግፋኝ፤ ዴንቨር ኤርፖርት ሙያዋ ነው» አሉ። ሁሉም አጨበጨበልኝ። በስድስት ዓመት የአየር ማረፊያ ሥራዬ ዊልቸር ስለ ገፋሁ ያጨበጨበልኝ ሰው ስለሌለ፣ አልዋሽዎትም፣ ለአንድ አፍታ ደስ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን የአየር ማረፊያው ወለል ልስልስ ነው፣ ሊፍት አለው፣ መንገደኛውም በሩ ጋ ሲደርስ ይወርዳል። ቶሌዶ ደግሞ ኮረብታ ላይ የተሠራች፣ መንገዷ በድንጋይ የተነጠፈ፣ አንዱ ጠባብ ዳገት ሲያልቅ ሌላ ጠባብ ቁልቁለት የሚጀምርባት ከተማ ናት። እጄን አንዴ ባነሣ ኖሮ እርስዎ ቁልቁል ተንደርድረው ታሖ ወንዝ ይገቡ ነበር። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ፣ ውቅያኖስ ተሻግሬ፣ ያንኑ ሥራዬን በዳገት ላይ ሠራሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

ሁለተኛ፦ ስለ ፓስፖርቶቹ። እንዳይጠፉ በማለት የሃያ ሦስታችንንም ሰብስበው በወገብ ቦርሳዎ ያዙልን። በዚህም ምክንያት የገዛ ፓስፖርቴን እየገፋሁ ከተማውን ዞርኩ። ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፦ ስለ ትርጉሙ። አስጎብኚያችን ፒላር ትዕግሥተኛ ሴት ነበረች። በእንግሊዝኛ ሁለት ዐረፍተ ነገር ስትናገር እርስዎ ለእናቶቻችን ወደ አማርኛ ይመልሱት ነበር። ይህ ግንብ ከተማዋን ከጠላት ለመጠበቅ ተሠራ ስትል፣ የእርስዎ ግንብ ከኢያሪኮ ተነሥቶ፣ በነህምያ ቅጥር በኩል ዞሮ፣ ከሊትልተን ሰፈር የሚመጡት ወገኖች እሑድ ጠዋት እስከ ማርፈዳቸው ይደርሳል። ፒላር ግራ ገብቷት፣ «ይህን ሁሉ የተናገርኩት እኔ ነኝ ወይ?» ብላ ከመካከላችን በዕድሜ ትንሿን፣ የነርስ ተማሪዋን ሊሊን ጠይቃታለች። በየቆምንበትም በጸሎት ተከፈተ፣ አንድ ወንድም አስተያየት ሰጠ፣ ለፒላር የምስጋና ንግግር ተደረገላት፣ ፎቶ ተነሣን፣ በጸሎት ተዘጋ። ጸሎት ጠልቼ አይደለም፤ እኔም ወንበሩን እንደያዝኩ በሆዴ እጸልይ ነበር፤ ቶሎ እንዲያልቅ።

አራተኛ፦ ስለ ነፃው ጊዜ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ፒላር ሥራዋን ጨርሳ፣ ሁላችንንም ጨብጣ ሄደች። እኔም እፎይ ብዬ እጄን ከወንበሩ ላነሣ ስል፣ እርስዎ ከኮት ኪስዎ የከተማውን ብሮሹር አውጥተው፣ ገና ስድስት ቦታ እንደሚቀርና ራሳችን እንደምንጎበኝ፣ ከቡድኑም ማንም እንዳይለይ አወጁ። ጎንበስ ብዬ እህቴ እየጠበቀችኝ መሆኑን በጆሮዎ ነገርኩዎት። «እህትሽ የት ትሄዳለች፣ አምስት ደቂቃ ናት» አሉኝ። ያቺ አምስት ደቂቃ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሆነች።

ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልሄድሽም የሚለኝ አይጠፋም፤ እኔም ራሴን እየጠየቅኩ ነው። ስልኬ ያለ ዋይፋይ አይሠራም። ፓስፖርቴ ጭንዎ ላይ ነው። ከሁሉም በላይ ያሰረኝ ግን ይሉኝታ ነው። ታላቅ ሰው እየተናገረ አቋርጦ መሄድን እናቴ አላስተማረችኝም፤ ሃያ አንድ ሰው እያየኝ ደግሞ እንዴት አድርጌ ልልቀቅዎት? ፊቴ የእርስዎ ባርኔጣ፣ ግራና ቀኜ ግንብ፣ ኋላዬ ወገኖች፤ ደወል በተደወለ ቁጥር ስንት ሰዓት እንደቀረኝ እየቆጠርኩ እገፋ ነበር። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ የዚያን ቀን ሞኟ እኔ ነበርኩ። ታፍኜ ነበር፣ ጋሽ ደምሰው። ተናድጄም ነበር፤ በእርስዎ ሳይሆን አሜን እያልኩ በምገፋው በራሴ።

አምስተኛ፦ ስለ ተከሰስኩበት ወንጀል። ለአሥራ አንድ ሰዓት ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ዞኮዶቨር ከሚባለው አደባባይ ደረስን። አደባባዩ ሜዳ ነው። እርስዎ ብሮሹሩን ገልጠው ሦስተኛውን ገጽ ሲጀምሩ ሊሊ ተጠግታኝ «አንቲ መሲ፣ ጀስት ሂጂ፤ እኔ አለሁ፣ ኦኬ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ሁሉ በሥራዬ የተማርኩትን ነው። የወንበሩን ሁለት ፍሬኖች ያዝኩ፣ የእግር ማሳረፊያውን አስተካከልኩ፣ መንገደኛው ምቾት እንዳለው አረጋገጥኩ። ከዚያም ዐይኔን በጨው ታጥቤ ሮጥኩ። ከኋላዬ «እህት መሠረት!» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አልዞርኩም። ስለዚህ ክሱ እውነት ነው፤ ጥዬዎት ሄጃለሁ።

ዘሪቱ በሩ ሥር ቆማ አገኘኋት። በሚያልፈው ቱሪስት መካከል እንዳላመልጣት ብላ አግዳሚ ወንበር ላይ አልተቀመጠችም፣ ሽንት ቤት እንኳ አልሄደችም። ለሁለታችን ብላ የያዘችው ዳቦ በእንቁላል እንደተጠቀለለ ነበር። ፀጉሯ ከፊት ሸብቷል፤ ይህንን በስልክ ዐይቼው አላውቅም፣ ለካስ ሻሽ የምታስረው ለዚህ ኖሯል። ተቃቅፈን አለቀስን፣ ሰዓቷን አየች፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን ወደ አውቶቡስ ጣቢያው ገሠገሥን። ያለን ጊዜ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነበር። ግማሹ በልቅሶ አለቀ። ጣቢያው በር ላይ «እማዬ ያን ቀን ጠዋት ስምሽን ጠራችና» ብላ ጀመረችልኝ። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። እኔ የአውቶቡሱን በር በእጄ ይዤ፣ እሷ ደረጃው ላይ ቆማ፣ ሰው ከኋላ እየገፋት፣ እንዲህ ሆኖ የሚነገር ነገር አይደለምና ሳመችኝና ገባች።

ያዘዛችሁኝን ይቅርታ በተመለከተ፣ ጽፌዋለሁ። ሁለት ገጽ ሆኗል። ሁለት ሰዓት ሙሉ በእግሯ ላቆምኳት ለዘሪቱ ልኬዋለሁ፤ ለኮሚቴው ግልባጭ ማድረግ አስፈላጊ ሆኖ አላገኘሁትም።

እንግዲህ ኮሚቴው ለመጪው ዓመት ያሰበው የፖርቱጋል ጉዞ የተቃና እንዲሆን፣ ለእርስዎም ድምፅዎ እንዳይደክም፣ ብሮሹርም እንዳያልቅብዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ስሜን ከተጓዦች ዝርዝር ላይ እንዲሰርዙልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ከማይቀንስ አክብሮት ጋር፣
የቀድሞ ገፊዎ
መሠረት ይመር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው እሑድ በምስክርነት ሰዓት፣ ጌታ በስፔን ምድር ጉልበትዎን ዳስሶ ከወንበር እንዳስነሣዎትና እስከ አውቶቡሳችን ድረስ በገዛ እግርዎ እንደሄዱ ሲመሰክሩ፣ እኔም ከጉባኤው ጋር እልል ብያለሁ። ሊሊ እንደነገረችኝ የተነሡት እኔ ከሄድኩ በሦስተኛው ደቂቃ ነው። በተአምሩ አልጠራጠርም። ብቻ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥተው ቢሆን ኖሮ፣ እናቴ ስሜን ጠርታ ምን እንዳለች ዛሬ ዐውቅ ነበር።