አባትህ የሚጠራው ነፋስ

ለልጄ ለራሮቪ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ሆኒያራ በደህና ያግኝህ። እኛ በቲኮፒያ እንዳለን አለን። የዳቦ ፍሬውን ለክፉ ቀን እንዲቆየን ጉድጓድ ውስጥ ቀብረን ጨረስን፤ ወገቤ ግን አብሮ የተቀበረ ነው የሚመስለው።

ወንድምህ ሞረታ በጀልባ ወደ አኑታ ከሄደ ወዲህ ሚስቱ ናው ቫንጋ እኛ ዘንድ ነው የምታድረው። አባትህ እንደ ወትሮው ማለዳ ባሕር ዳር ቆሞ፣ ጉንጩን አዙሮ፣ የነፋሱን ስም ለመንደሩ ይናገራል። «ራኪ ነው!» ይላል። ራኪ ከምዕራብ መጥቶ ከአኑታ የሚመለሰውን ጀልባ ፊት ለፊት የሚገፋው ነው። የማድቤታችን ጭስ ግን ወደ ምዕራብ ነው የሚሄደው። ከምሥራቅ የሚነሣው ቶንጋ፣ መንገደኛን ወደ ቤቱ የሚያመጣው፣ ከገባ ሰንብቷል። ዓሣ አጥማጆቹም «እሺ አባባ፣ ራኪ ነው» ይሉና ሸራቸውን ለቶንጋ ይዘረጋሉ። እኔ «አንተ ሽማግሌ፣ ጉንጭህ ደነዘዘ እንዴ?» ልለው ስል፣ ዓይኑን ወደ ምራታችን ጣል ሲያደርግ አይቼ ተውኩት።

ትናንት ጉንፋን ጣለውና ሳይነሣ ቀረ። ናው ቫንጋ ወጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች። ነፋሱ ፀጉሯን ወደ ምዕራብ እየበተነው ብዙ ቆየች።

«እማማ፣ ዛሬም ራኪ ነው» አለችኝ።

«አዎ ልጄ፣ ራኪ ነው» አልኳት።

አባትህም እሷም ሰላም ብለውሃል። ለሞረታ ገዛሁለት ያልከውን ሸሚዝ በመርከቡ ላክለት፤ ሲገባ ይለብሰዋል። እግዜር ከክፉ ይሰውርህ።

እናትህ