ከጣሪያ የወደቅሽበት ፊልም

ልጄ ራሕማ፣ እንደምን ከረምሽ? አላህ የምትረግጪውን መሬት ያለስልስልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ማሽላውም አምሯል፣ ወፍ ካልጨረሰው።

እህትሽ ሂዳያ እስፔን አገር የሠራሽበትን «የጠንቋይዋ ልጅ» የሚባለውን ተከታታይ ፊልም በስልኳ አሳየችኝ። ጠንቋይዋ እጇን ስታነሳ አንቺ ከጣሪያ ወደቅሽ። ጮኼ ጎረቤት ሰበሰብኩ፤ በማግስቱም ፍየል አሳርጄ ዱዓ አስደረግኩልሽ።

ሂዳያ ሳቀችብኝ። «እማ፣ ትወና እኮ ነው፤ ከታች ፍራሽ አለ። ደግሞ ከተቀረጸ ቆይቷል፣ በረመዳን ነው» አለችኝ።

እሺ፣ ትወና ይሁን። ግን ልጄ፣ ፊትሽን እያሳየሽ መደወል የተውሽው ከረመዳን ወዲህ ነው። አሁን የምሰማው ድምፅሽን ብቻ ነው።

አላህ በሰላም ያገናኘን። ጁምዓ ስትደውዪ ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፊውና፣ እያየሁሽ ትንሽ ተራመጂልኝ።

እናትሽ ፋዲላ