የተቆረሰችው እስቴ፦ የአቶ ታፈረ ወልደ ሩፋኤል የሕይወት ታሪክ

አቶ ታፈረ ከአባታቸው ከቄስ ወልደ ሩፋኤል እንግዳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ካሣሁን በበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት፣ በጋይንት አውራጃ፣ በስማዳ ወረዳ፣ ከወገዳ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቀው በገደባ ኪዳነ ምሕረት አጥቢያ በ1905 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው «ገብስ ሲታጨድ ነው የመጣኸው» ይሏቸው ነበር እንጂ ቀኑን በልኩ የሚያውቅ ሰው ዛሬ በሕይወት የለም። ይህን የሚጽፈው የበኩር ልጃቸው ደምሌ ነው። ሲያስታምም የሰነበተ ሰው የጻፈው ነውና ስሕተት ቢገኝበት ለቀስተኛው ይቅር ይበለው።

አቶ ታፈረ በልጅነታቸው ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። በዐሥራ አራት ዓመታቸው ስልቻቸውን አንግተው ድጓ ሊማሩ እዚያው ጋይንት ወዳለችው የዜማ ደብር ወደ ቤተ ልሔም ወረዱ። ድምፃቸው መልካም እንደ ነበረ፣ እንቅልፋቸው ግን ከድምፃቸው እንደሚበረታ አብረዋቸው የተማሩት መሪጌታ ቀለመወርቅ ዛሬም ይመሰክራሉ። በ1922 ዓ.ም. አባታቸው ቄስ ወልደ ሩፋኤል ሲያርፉ ታናናሾቻቸውን የሚያበላ ሌላ እጅ ስላልነበረ ትምህርቱን አቋርጠው ዕርፍ ጨበጡ። «ግማሹ ድጓ እኔ ዘንድ ነው፣ ግማሹ ቤተ ልሔም ቀርቷል» እያሉ ይስቁ ነበር። ሳቁ ግን ቁጭቱን አልሸፈነውም፤ ልጆቻቸው ያውቁታል።

የተማሩትንም ቢሆን ሜዳ ላይ አልጣሉትም። ሲያርሱ በሬዎቻቸውን የሚነዱት በዜማ ነበር፤ ማለዳ በግእዝ፣ ፀሐይ ስትበረታ በዕዝል፣ ከቀትር በኋላ ጉልበት ሲከዳቸው ደግሞ በአራራይ። ጎረቤት ድምፃቸውን ሰምቶ ስንት ትልም እንደ ቀራቸው ይገምት ነበር። በጠላት ዘመን ጥማዳቸው ተወስዶባቸው ሁለት ክረምት በዶማ ቆፍረዋል። ስለዚያ ጊዜ ሲጠየቁ «ወገቤን ጠይቁት» ከማለት በቀር ብዙ አይናገሩም ነበር።

ጠላት ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የእስቴዋን ተወላጅ ወይዘሮ አሰለፈችን በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን አገቡ። ደምሌን፣ ብርቱካንንና ማሬን ወለዱ። ጥሩ ትዳር ነበር። ወይዘሮ አሰለፈች በ1946 ዓ.ም. በትኩሳት ታመው በዘጠነኛው ቀን ሲያርፉ ደምሌ ዐሥር፣ ብርቱካን ሰባት፣ ማሬ ሦስት ዓመታቸው ነበር።

የአርባው ተዝካር እንዳለቀ ዘመድ ተቀመጠ። ወንድ ብቻውን ልጅ አያሳድግም ተባለ። ደምሌ ለአጎቱ፣ ብርቱካን ንፋስ መውጫ ላለች አክስቷ፣ ማሬ ደግሞ እስቴ ለሚኖሩት ለእናቷ ታላቅ ወንድም ለአቶ አድማሱ እንዲሰጡ ተመከረ። አቶ ታፈረ እስከ መጨረሻው ሰሙና «ልጅ እንደ ክምር አይከፋፈልም። አንድ ዓመት ስጡኝ» አሉ። ሽማግሌዎቹም ለእናታቸው ሙት ዓመት ተመልሰው ሊያዩ፣ ልጆቹ ተርበው ወይም ተጎሳቁለው ከተገኙ ሊወስዷቸው ተስማሙ።

ያ ዓመት ለአቶ ታፈረ ከድጓውም ከዶማውም የከበደ ነበር። ሚስት እንዲያገቡ ቢመከሩ «የሟቿ ልብስ ገና ከመስቀያው አልወረደም» ብለው እምቢ አሉ። ባሏ የሞተባት ጎረቤታቸው ወይዘሮ አዛለች ገብሳቸውን ልትፈጭላቸውና ልታቦካላቸው፣ እርሳቸውም መሬቷን ሊያርሱላት ተዋዋሉ። ስለዚህ የሁለት ቤት እርሻ ወደቀባቸው። እንጀራውን ግን ራሳቸው መጋገር ነበረባቸው። ወንድ ማጀት ገባ ተብሎ በአጥቢያው ተሳቀ፤ የሰንበቴ ማኅበርተኞቻቸው ሳይቀሩ «እመት ታፈረ» ብለው ስም አወጡላቸው። እርሳቸውም ሲጠሩ አቤት ይሉ ነበር።

እውነቱን ለመናገር መጋገሩ አልሆነላቸውም። በእነዚያ ወራት ከዚያ ምጣድ ሙሉ ሆኖ የወጣ እንጀራ አልታየም። ይቀደዳል፣ ይጣበቃል፣ ጠርዙ ያርራል። ብርቱካን አንድ ቀን ቁርጥራጩን አይታ አለቀሰች። አቶ ታፈረም የደከመ ወገባቸውን ይዘው ከአጠገቧ ቁጭ አሉና ቁርጥራጩን በሰፌድ ላይ ደረደሩት። «ይህ ትልቁ ጋይንት ነው። ይህ ረጅሙ ስማዳ። ዓይኑ ያማረው የእናትሽ አገር እስቴ ነው። ይህ ያረረውስ?» ቢሏት እንባዋን ሳትጠርግ «ንፋስ መውጫ» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት እንጀራ ተቀደደ ብሎ ያዘነ የለም።

ጨዋታው የታወቀው እንቆቅልሽ ነበር። መልሱን ያላወቀ አገር ይሰጣል፤ በእነርሱ ቤት ግን የሚሰጠው አገር የሚበላ ነበር። ደምሌና ብርቱካን ጋይንትን ለመያዝ ይጣላሉ፤ ማሬ ከእስቴ በቀር አትቀበልም። አቶ ታፈረ ዘወትር ተሸናፊ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ አርሰው ስለሚመለሱ «እንቆቅልህ» ብለው «ምን አውቅልህ» እስኪባሉ ድረስ እንኳ አይቆዩም፤ እንቅልፍ ይዟቸው ይሄዳል። ልጆቹም እጃቸውን ሰብስበው ይጠብቋቸዋል። ሲነቁ ጥያቄውን ረስተውታል፤ «እንግዲህ ተሸነፍሁ፣ ስማዳንም ውሰዱ» ብለው ድርሻቸውን ይሰጣሉ። ደምሌ የእኒያን ሽንፈቶች ምክንያት የተረዳው እርሱ ራሱ ልጅ ወልዶ፣ እንጀራው አልበቃ ባለው ቀን ነው።

የወይዘሮ አሰለፈች ሙት ዓመት ደረሰ። አቶ አድማሱ ከእስቴ በበቅሎ መጡ፤ ለማሬ መቀመጫ የሚሆን ለምድም ይዘው ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እህታቸውን ቀብረው የእህታቸውን ልጅ የሚፈልጉ ሰው ነበሩ። ጸሎቱ ደርሶ ሰዉ ከተበተነ በኋላ በማግስቱ ማለዳ ሊነሡ ሲሉ የማሬ ቀሚስ በገመድ መታጠቁን፣ የአማቻቸውም ዓይን በጢስ መቅላቱን አዩ።

«ታፈረ፣ አገር እየሳቀብህ ነው» አሉ። «ትልልቆቹ ይቆዩልህ። ይህችን ልውሰዳት። ከቤቴ ወተት አይጠፋም።»

«አያ አድማሱ፣ ወተቱ እውነት ነው» ብለው መለሱ አቶ ታፈረ። «ግን ይህችን ከወሰዱብኝ ማታ ማታ ማን ያሸንፈኛል?»

እህል ሳይቀምሱ እንዳይሄዱባቸው ብለው ሰፌዱን አቀረቡ። አቶ አድማሱ የተቀደደውን እንጀራ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚህ ጊዜ ማሬ ከፊታቸው መጥታ ቆመች፤ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር።

«እንቆቅልህ» አለቻቸው፣ አንቱታውን ረስታ።

«ምን አውቅልሽ።»

«አፈር እየበላ ሰው የሚያጠግብ ማን ነው?»

«ማረሻ ነዋ» አሉ አቶ አድማሱ። ልክ ነበሩ፤ አባቷም ያስተማሯት መልስ ያው ነበር። ማሬ ግን ራሷን ወዘወዘች።

«አይደለም። አባየ ነው።»

አቶ ታፈረ አፈሩ። «ማረሻ ነው፣ ማሬ። አያ አድማሱ አውቀውታል» ብለው ሊያርሟት ሞከሩ። እርሷ አልሰማቻቸውም፤ «አባየ ነው። አገር ስጠኝ» አለች እጇን ዘርግታ። አቶ አድማሱ የአማቻቸውን እጅ ተመለከቱ፤ በጥፍሮቹ ሥር አፈር፣ በጣቶቹ መካከል የደረቀ ሊጥ ነበረበት። «እሺ፣ እስቴን ሰጥቼሻለሁ» አሉ።

ማሬ ዓይኑ ያማረውን ቁራሽ ከሰፌዱ አነሣች። ከዳር እስከ ዳር በላችው። «አለቀች» አለች።

አቶ አድማሱ ሳቁ፤ ሳቁም ወደ ልቅሶ ዞረ። በእህታቸው ቀብር ያላለቀሱት ሰው ያን ቀን አለቀሱ። ዓይናቸውን በኩታቸው ጠርገው «እስቴ ከተበላች እንግዲህ ወዴት እወስዳታለሁ» አሉና ለምዱን ለማሬ ትተውላት ባዶ በቅሎ እየሳቡ ሄዱ። ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ በየፋሲካው አንድ ቅል ቅቤ ይልኩ ነበር። ልጆቹን ልውሰድ ብሎ የመጣ ሌላ ዘመድ የለም።

አቶ ታፈረ ዳግመኛ ሳያገቡ ሦስቱንም ለወግ ለማዕረግ አበቁ። ደምሌ ተምሮ በንፋስ መውጫ መምህር ሆነ። ብርቱካን ወገዳ ተዳረች። ማሬ አቶ ሥዩምን አግብታ ከአባቷ አጥር አጠገብ ጎጆ ወጣች፤ ራቅ ብላ መኖር አልፈለገችም። አቶ ታፈረ በኋላ እንጀራ መጋገር ለምደው ነበር፤ የልጅ ልጆቻቸው ሲመጡ ግን ሆን ብለው ይቀድዱት ነበር።

ባለፈው ክረምት እግራቸው አብጦ ትንፋሽ አጠራቸው። ደምሌ ንፋስ መውጫ ወስዶ አስመረመራቸው። ሐኪሙ «ልብዎ ደክሟል» ቢላቸው «እርሱ ብቻ ነው?» ብለው ጠየቁት። ወደ ቤቴ መልሱኝ ብለው ተመልሰው ከአልጋ ዋሉ። ቆርበው፣ ንስሐ አባታቸው እየጎበኟቸው፣ ሦስቱ ልጆቻቸው እየተፈራረቁ ሲያስታምሟቸው ቆዩ። የካቲት 14 ቀን ሦስቱንም አሰባስበው አዩአቸውና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንቆቅልህ» አሉ። የልጆች አባት የሆነው ደምሌም፣ ብርቱካንም፣ ማሬም በአንድ ቃል «ምን አውቅልህ» አሉ። አቶ ታፈረ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልጆቹም እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ሰብስበው ጠበቋቸው።

ጥያቄውን ሳይናገሩ በማግስቱ የካቲት 15 ቀን 1963 ዓ.ም. ከቀትር በፊት በተወለዱ በ58 ዓመታቸው ዐረፉ። ሦስት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆች ትተዋል። በሐዘናችን ከጎናችን ለቆማችሁ ሁሉ፣ ገብሳችንን ለፈጨችልን ለወይዘሮ አዛለችም፣ እግዚአብሔር ዋጋችሁን ይክፈል።

ደንቡ አይሻርምና መልሱን ያላወቀ አገር ይሰጣል። ማሬ ዛሬ ማለዳ ሲገንዟቸው አጠገባቸው ቆማ «ምን አገር እንስጣቸው?» ብላ ወንድሟን ጠየቀችው። ስማዳን ዕድሜ ልካቸውን አርሰዋታል። እስቴ ተበልታለች። ገደባ ኪዳነ ምሕረት የምትሰጣቸው መሬት ከሥጋቸው አይተርፍም። እኛ የምንሰጠው አገር አልቆብናል፤ ልጆቻቸው እንዲጠግቡ ሲሸነፉ ለኖሩት ለታፈረ አንተ አገርህን ስጣቸው፣ አቤቱ፣ ከደከማቸውም አሳርፋቸው። አሜን።