ሰባት ጀሪካን ጠበል

ሰኞ

ሰባቱም ጀሪካን ተበላሸብኝ። ይቅር ይበለኝ፣ ተባረከ ነው የሚባለው። ክረምቱን ከእኛ ጋር ሊከርሙ ከጭልጋ የመጡት አማቴ፣ እማማ የሺ፣ ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩትን ውኃ አይተው በየጀሪካኑ ጠበል ጠብ ጠብ አድርገውበታል። ከሥራ ስመለስ፣ «ሸጋ አድርጌልሻለሁ» አሉኝ። ጠበል የነካው ውኃ ደግሞ ሳሕን አይታጠብበትም፤ ሽንት ቤትማ አይታሰብም። ግድ የለም፣ ቧንቧው አለ።

ማክሰኞ

የቧንቧው ውኃ ጠፋ። ሰፈራችን ቁስቋም በሙሉ ደረቀ።

ያለን፦ ሰባት ጀሪካን ጠበል።
የሌለን፦ ውኃ።

ንዴቴን መያዝ አቃተኝ። «ስንት ጊዜ የተዘጋጀሁበትን በአንድ ቀን አጠፉት!» አልኳቸው።

«ኖኅ እንኳ መርከቡን ታዞ ነው የሠራው» አሉኝ። «አንቺን ማን አዘዘሽ?»

ባለቤቴ ሁለታችንንም ፈርቶ ስልኩ ላይ አቀረቀረ። ከሰዓት በኋላ ጓዛቸውን ሲሸክፉ አየኋቸው። ቅዳሜ እሄዳለሁ ብለዋል። ምላሴን በቆረጠው።

ረቡዕ

የንስሐ አባታችንን ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ጠጡት፣ ገላችሁንም ታጠቡበት፣ ግን በባዶ ሆድ፤ እጣቢውም እግር በማይረግጠው ቦታ ይፈስሳል አሉ። እናም ቁርስ ሳንቀምስ፣ ሁለቱን ልጆቼን ጨምሮ አምስታችንም በየተራ ሳፋ ውስጥ ገባን። እጣቢውን ጓሮ ያለው ጽድ ሥር ደፋሁት። በዕድሜዬ እንዲህ ተባርኬ አላውቅም። ሳሕኑ ግን ተቆልሏል።

ሐሙስ

ጎረቤቴ ከጉድጓዷ ሁለት ባልዲ ሰጠችኝ። ሳሕኑ ታጠበ! እያጠብኩ አሰብኩ። እሳቸው ላላዩት ቀን ይጾማሉ፣ እኔ ላላየሁት ቀን ውኃ እቀዳለሁ። የእኔው በማስረጃ ነው፤ የቧንቧው ውኃ ስንቴ ጠፍቶብናል። ግን ለክፉ ቀን የማከማቸውን ሻማና ሩዝ ደርድሬ ስጨርስ ደረቴን ቅልል የሚለኝስ? እሱ ማስረጃ አይደለም። ጸሎት ጸሎት ይላል።

ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

«ምነው ልጄ፣ እኔስ ክፉ ቀን አይምጣባችሁ ብዬ አይደል?» አሉ።

አለቀስኩ። ጓዛቸው ግን እንደታሰረ በሩ አጠገብ ነው። ቤቱ ያለ እሳቸው ምን ሊመስል እንደሆነ ማሰብ አልፈልግም።

ቅዳሜ

ውኃ መጣ። ጠዋት ስነሣ እማማ የሺ ቀድመውኛል። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ባዶዎቹን ጀሪካኖች አጥበው እየሞሉ ነው። የተረፈችውን ጠበል በጠርሙስ ለብቻዋ አድርገው ክር አስረውባታል። ማኪናው ያመልጥዎታል ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

ቀና ብለው አዩኝ። «ይኸ ስንት ቀን ያቆየናል?»

«ከቆጠብን ሳምንት፣ እማ።»

«አይበቃንም» አሉ። «ሌላ ጀሪካን አምጪ።»