የቤቴን ድንጋይ ነክሶ ጥርሱ ስላለቀው ሎደርዎ

ለተከበሩ የከተማችን የመሬት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ሰበታ

ጌታዬ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎ፣ ማኅተምዎ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ግማሽ ጣሪያ ስለተውልኝ የጥር ብርድ የሚያገኘኝ በአንድ ጎኔ ብቻ ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ እጄ ከእስክሪብቶ ይልቅ ብየዳ ስለለመደ ነውና በትልቅነትዎ ይለፉኝ።

በሎደሩ ሹፌር በሙሴ በኩል የላኩት ትእዛዝ ደርሶኛል። የሎደሩ አካፋ ጥርስ ስላለቀ እንደ ልማዴ በብየዳ ጠንካራ ብረት እንዳለብሰው፣ ቶሎም እንዳደርስ ብለዋል። ሌላ በያጅ ሳይፈልጉ እኔን ስላስታወሱ ክብር ይስጥልኝ። ጥርሱ የት እንዳለቀ ግን ሙሴ አፍሮ ያልነገርዎ ይመስለኛልና፣ አገር እየሰማ እኔ ልንገርዎ፤ ያለቀው የእኔን ቤት ሲያፈርስ ነው።

አንደኛ፣ ያንን ጥርስ ከመስቀል በኋላ ያለበስኩት እኔው ነኝ። ለተፍኪ መንገድ ነው ስላሉኝ፣ መንገድ የሁሉ ነው ብዬ ብየዳውን እንደ አጥር አጠላልፌ፣ አፈር በመሃሉ ገብቶ ብረቱን እንዲጠብቅለት አድርጌ ሠራሁት። ስንቱ ባለሙያ ነው የእጁን ጥራት በገዛ ሳሎኑ ቆሞ የሚያየው? ይህን ዕድል ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ የአገሩ ልጆች መሬታችንን ወደ ዋና ከተማዋ የሚያካልለውን ማስተር ፕላን አንፈልግም ብለው መንገድ ላይ ወጥተው፣ የወደቀው ወድቆ፣ የታሰረው ታስሮ፣ ፕላኑ ቀርቷል ሲባል በሬድዮ ሰማን። ሎደርዎ ደጄ የደረሰው በዚያው ሳምንት ነው። ሬድዮ ባይኖርዎ ነው ብዬ ጎረቤቶቼን አጽናናሁ።

ሦስተኛው ይከብደኛል። የቀረችው ክፍል ባለቤቴ መብሩካ ታማ የተኛችባት፣ ነፍሷም የወጣችባት ናት። የመሠረቱን ጥቁር ድንጋይ ከወንዝ ያመጣነው አብረን ነው። ጥርስዎን የጨረሰው እሱ ነው። እኔ ዛሬ ካለበስኩት ነገ የሚነክሰው ያችኑ ክፍል ነው።

በእኛ ሙያ ብረት ተሸክሞ ደጅ የመጣ ሰው አይመለስም። ጎረቤቴ ኦቦ ገለቴ በወሰን ተጣልተን፣ ሰላምታ እንኳ ተነፋፍገን ሳለ ማረሻውን ሲያመጣ ዝም ብዬ ተቀብዬ፣ ጫፉን አልብሼ፣ ዝም ብዬ ሰጥቼዋለሁ። የእርስዎን ግን አልሠራም። ይህን ደንብ በሽምግልናዬ ስላስጣሱኝም ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ሥልጣንዎ እንደ ሠራሁት ብረት ሳያልቅ እንዲቆይ እየተመኘሁ፣ ከቆመው ግድግዳ ሥር ሆኜ እጅ የምነሳ፣

ሀሰኖ፣ በያጁ

ማስታወሻ፦ ከቡራዩ ዱባለ የሚባለውን በያጅ እያስፈለጉ መሆንዎን ሰማሁ። ጎበዝ ነው፣ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ብቻ ቡራዩ ድረስ ሰው አይላኩ፤ ቤቱን የዚያ ባልደረቦችዎ ስላፈረሱበት፣ እዚህች ክፍል ውስጥ አብረን ነው የምናድረው። እሱም አልሠራም ብሏል።