ከመንገዱ ማዶ ስለሚከራዩት ጎማዎች

ሰኔ 3 ቀን

ለክቡር አቶ አስናቀ ጥዑመ ልሳን
የሸንበቆ በር የተሽከርካሪ ዓመታዊ ምርመራ ጣቢያ ኃላፊ
ባሕር ዳር

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ ከስብሰባ ወጥተው፣ ወንበርዎ ላይ አረፍ ብለው ሳሉ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። የእኔን ጤና የጠየቁ እንደሆነ፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ አምስት ጊዜ ከቢሮዎ ደጅ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ እርስዎን ስጠብቅ ወገቤን ከመያዙ በስተቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

ማህሌት አምሐ እባላለሁ። በአንድ ፋብሪካ የጨርቅ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ፤ ሥራዬ ሁለት ክር የጎደለውን ጨርቅ «ይመለስ» ማለት ነው። በስሜ ባያውቁኝ በመኪናዬ ያውቁኝ ይሆናል። ያቺ ቢጫ፣ ሁለት በርና ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ሆዷ ከመሬት ብዙም ያልራቀ የስፖርት መኪና የእኔ ናት። ሥራው አልቆ ወደ አገሩ ከተመለሰ የፕሮጀክት ባለሙያ በጨረታ የገዛኋት በላቤ ነው። «ሴት ልጅ ይህን ምን ያደርግላታል?» የሚለውን ጥያቄ ባልደረቦችዎ ደጋግመው ስለጠየቁልኝ እርስዎ እንዳይደክሙበት አደራ እላለሁ።

ቁጥር የሌለው አቤቱታ እንደማይነበብ ጸሐፊዎ ስለነገሩኝ ነገሬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ከሁሉ አስቀድሜ ጎማ መርጬ በመግዛቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ባለፈው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ ከሐይቁ ነፋስ ተነሥቶ ዝናቡን በጎን በኩል ሲገርፈው፣ በዘንባባው መንገድ ከሥራ ስመለስ ከፊቴ አንዲት ባጃጅ ድንገት ቆመች። ፍሬን ያዝሁ፤ መኪናዬ ግን ሐሳቧን አልቀየረችም። ውኃው ላይ እንደ ታንኳ ተንሳፍፋ ሄዳ፣ ከባጃጇ ኋላ አንድ ስንዝር ሲቀራት ቆመች። ባጃጇ ውስጥ ሕፃን የታቀፈች እናት ነበረች። ዞር ብላ አየችኝ፤ ያ አስተያየቷ እስከ ዛሬ ከዐይኔ አልጠፋም። ወርጄ ጎማዎቼን ባያቸው ጥርሳቸው አልቆ ሊሾ ሆነዋል። የፊት መስታወቴ ላይ ደግሞ ጣቢያዎ ሰኔ ላይ የሰጠኝ ቦሎ ተለጥፏል። እንዴት እንዳገኘሁት ወደ ታች እናዘዛለሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ጎማ ነጋዴው ወደ አቶ ግሩም ሄድሁ። ሦስት ዓይነት አሳዩኝ። የመጀመሪያው ለእሽቅድምድም የተሠራ ነበር፤ በደረቅ አስፋልት እንደ ሙጫ ይይዛል፣ ነገር ግን ውኃ የሚያስወጣበት ቦይ ስለሌለው የእኛን የሐምሌ ዝናብ ሲያገኝ ይንሳፈፋል። «መኪናሽ የውድድር መልክ አላት፤ የሚያምርባት ይኸ ነው» አሉኝ። እኔ የምነዳው ከቤቴ እስከ ፋብሪካው፣ ግማሹን በኮብልስቶን፣ ግማሹን በባጃጅ መካከል ነው፤ የምወዳደረውም ከሥራ መግቢያ ፊርማ ጋር ብቻ ነው። ሁለተኛው «ለልጅ ልጅሽ ይተርፋል» የተባለለት እንደ ድንጋይ የደነደነ ጎማ ነበር፤ ዕድሜው የረዘመው መንገዱን ስለማይጨብጥ ነው። ሦስተኛው መልካም ይመስል ነበር፤ ጎኑ ላይ የታተሙትን፣ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት የሚናገሩትን አራት አኃዞች ሳነብ ግን ከተሠራ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። «ጎማ ወተት ነው እንዴ የሚበላሸው?» አሉኝ። መጋዘን ተቀምጦም እንደሚደርቅና እንደሚሰነጠቅ ነገርኋቸው፤ ሣቁብኝ።

አራት ወር ጠበቅሁ። በመጨረሻም ለስለስ ያለ፣ ቦዩ ጥልቅ፣ በእርጥብ መንገድ የሚይዝ፣ ጎኑ የኮብልስቶንን ጠርዝ የሚችል፣ ከፋብሪካ ከወጣ ዓመት ያልሞላው አራት ጎማ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭኖ መጣልኝ። ቶሎ እንደሚያልቅ አውቃለሁ፤ ሳያልቅ ከሚገድለኝ እያለቀ የሚያቆመኝ ይሻለኛል ብዬ ነው። የፊቶቹ ጠበብ፣ የኋላዎቹ ሰፋ ያሉ ናቸው። የመኪናዋ ሠሪ በሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ በለጠፈው ጽሑፍ ያዘዘው እንዲያ ነው፤ የሚገፋት ጉልበት ከኋላ ስለሆነ። ይህን ሁሉ እርስዎን ሳላማክር በማድረጌ ጥፋተኛ ነኝ።

2ኛ. መርማሪዎ አቶ ጌትነት ለሰነድ ስላላቸው ፍቅር ምስጋናዬ ይድረሳቸው። ግንቦት 10 ቀን መኪናዬን ይዤ ስቀርብ ጎማውን ከማየታቸው በፊት ሊብሬውን አዩ። ሊብሬው ላይ ለጎማ ልክ አንድ መስመር ብቻ አለ፤ አንድ መስመር ስለሆነም አንድ ልክ ብቻ ተጽፏል፣ የኋላው። «የፊትሽ ከሊብሬው አይገጥምም። አራቱም እኩል መሆን አለበት። ወድቀሻል» አሉኝ። በሩን ከፍቼ የሠሪውን ጽሑፍ ባሳያቸው «የመኪና በር ሰነድ አይደለም» ብለው ዘጉልኝ። የጥርሱን ጥልቀት እንኳ ይለኩልኝ ብዬ መለኪያዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ በትሕትና መለሱልኝ፤ ለካ ቅጹ ላይ የጥልቀት ቦታ የለም። የጎማ ቁጥር የሚሞላበት ቦታ ግን ስላለ፣ በየጎማው አጠገብ ቁጢጥ እያሉ ጎኑ ላይ የታተመውን ረጅም ቁጥር አንድ ፊደል ሳያጎድሉ ገለበጡት።

3ኛ. አቶ ጌትነት ክፉ ሰው አይደሉም። ፊቴ ሲጠቁር አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንግዳ ነሽ እንዴ? ማዶ ተሻግረሽ ነይ እንጂ» ብለው መከሩኝ።

ማዶ ምን እንዳለ ለማያውቀው አንባቢ ላስረዳ፤ እርስዎ ይህን አንቀጽ ይዝለሉት። ከጣቢያው በር ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ አንድ ጎሚስታ አለ። ጥርሱ የሞላ ጎማ በየልኩ ደርድሮ ያከራያል። መኪናው በክሪክ ይነሣል፤ ያለቀው ጎማ ይወርዳል፤ የኪራዩ ይገባል፤ መንገዱን ተሻግሮ ይመረመራል፤ ቦሎ ይቀበላል፤ ተመልሶ ጎማውን ያስረክባል። ሁሉም ነገር አንድ ሰዓት አይፈጅም። የኪራዩ ጎማ ዕድሜውን ሙሉ ያንን አንድ መንገድ ከማቋረጥ በቀር ሌላ ጉዞ ስለማያውቅ አያልቅም። ለዚህ ሁሉ ሥራ አንድም ቀን ከጣቢያዎ የምስጋና ወረቀት አለማግኘቱ ያሳዝናል።

እኔም እንግዳ አይደለሁም። ሦስት ዓመት ተከራይቻለሁ። ያ ነሐሴ ላይ መስታወቴ ላይ የነበረው ቦሎ የኪራይ ጎማ ቦሎ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው እያልሁ፣ ምን እንደማደርግ እያወቅሁ አደረግሁት፤ አፍሬበታለሁ። ዘንድሮ እምቢ ያልሁትም ለዚህ ነው። ሊሾ ጎማ ይዤ ሦስት ጊዜ አለፍሁ፤ ጥሩ ጎማ ይዤ ወደቅሁ። የጣቢያዎ አሠራር ይህን ያህል ጥብቅ መሆኑን ስመሰክር ደስ ይለኛል።

4ኛ. መኪናዬን ለማዞር ወደ ጎሚስታው ግቢ ስገባ አንድ ነጭ ሚኒባስ በክሪክ ተነሥቶ አገኘሁ። ኋላው ላይ «የተማሪዎች ሰርቪስ» ይላል። ከእርስዎ ግቢ መውጣቱ ነበር፤ አዲሱ ቦሎ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፤ ጥርሳሞቹ ጎማዎች እየወረዱ የራሱ እየገቡለት ነው። ጠጋ ብዬ የራሱን በእጄ ዳሰስሁ። መዳፌ ላይ አንድም ጥርስ አልተሰማኝም፤ በአንደኛው ላይ ሽቦው ብቅ ብሏል።

ያን ሚኒባስ አውቀዋለሁ። በየጠዋቱ የጎረቤቴን የሐሊማን ልጅ፣ የስምንት ዓመቷን ተቅዋን የሚወስድ ነው። መስከረም ላይ ሐሊማ ደጅ ጠርታኝ፣ «አንቺ የመኪና ሰው ነሽ፤ እስቲ ንገሪኝ፣ ይኸ መኪና ለልጄ ይታመናል?» ብላኝ ነበር። እኔም የፊት መስታወቱን አየሁና «ቦሎ አለው» አልኋት። ጎንበስ ብዬ ጎማውን አላየሁም። ሁለት ክር የጎደለውን ጨርቅ የምጥል ሴት፣ ቦሎ እንዴት እንደሚገኝ በእጄ የማውቅ ሴት፣ ለሰው ልጅ ወረቀት አይቼ መለስሁ። ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ላይ ከመናደዴ በፊት በራሴ ላይ ተናድጃለሁ፤ እርስዎ ሁለተኛ ነዎት።

ያንኑ ዕለት ማታ ለሐሊማና ለባለቤቷ ለካሊድ ያየሁትን ነገርኋቸው። ካሊድ በሚዛኑ የሚታመን ነጋዴ ነው፤ «እህቴ ማህሌት፣ ባለሙያ መርምሮ፣ ማኅተም መትቶ ያሳለፈውን መኪና እኔ በየትኛው ዕውቀቴ ልጣለው?» አለኝ። አልፈርድበትም። የሚያምነው ማኅተምዎን ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው በከተማው ውስጥ መቅረቱ ለጣቢያዎ ትልቅ ክብር ነው።

5ኛ. ግንቦት 13 ቀን የሚኒባሱን ታርጋ ጠቅሼ ማመልከቻ አስገባሁ። የለመንሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። አቶ ጌትነት በቅጾቹ ላይ ያን ያህል ተጠንቅቀው የገለበጧቸውን የጎማ ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስተያዩልን፤ ያው አራት ጎማ ስንት ሚኒባስ ሥር ገብቶ እንዳለፈ የራስዎ መዝገብ ይነግርዎታል አልሁ። ከሳምንት በኋላ መልሱ በጸሐፊዎ አንደበት መጣልኝ፦ «የራስሽ መኪና ወድቋል፤ የሰው መኪና አይመለከትሽም።» አጭርና ግልጽ ስለሆነ አመሰግናለሁ።

ግንቦት 27 ቀን ጠዋት ዘነበ። ሚኒባሱ አደባባዩ ጋ ፍሬን ሲይዝ ተንሸራተተ፤ የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ ዘሎ ከዘንባባ ግንድ ጋር ተላትሞ ቆመ። አሥራ አራት ልጆች ነበሩበት። የተቅዋ የታች ከንፈር ተሰንጥቆ ሦስት ቦታ ተሰፋ። ስሰማ ከሥራ እየሮጥሁ ሄድሁ፤ መስከረም ላይ «ቦሎ አለው» ብዬ የመለስሁላትን እናቷን የሕክምና ቤቱ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። የትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ የፊት መስታወቱን ተመለከተ። ቦሎ አለ። «የዝናብ ነገር ነው» ተባለ። ሚኒባሱ በማግሥቱ፣ በዚያው ጎማ፣ ሥራውን ቀጠለ።

6ኛ. ዝናቡ ጥፋተኛ ከሆነ ይጠየቅልን። በየዓመቱ በዚህ ወር ያለ ቦሎ ወደ ከተማችን ይገባል።

እንግዲህ የምጠይቅዎ ይህን ነው። የእኔ መኪና እስከ መስከረምም ቢሆን ደጄ ላይ ትቁም፤ አልከራከርም። ያን ሚኒባስ ግን በዚህ ሳምንት ያስጠሩት፤ ከጣቢያው ግቢ ሳይሆን ልጆቹን አውርዶ ሲመለስ መንገድ ላይ ያስቁሙት፤ ከወንበርዎ ተነሥተው፣ ቁጢጥ ብለው፣ ጎማውን በእጅዎ ይዳስሱት። ሊብሬውን ይዘው መምጣት አያስፈልግዎትም።

የመዝገብዎን ሙላት፣ የማኅተምዎን ድምቀት፣ የስብሰባዎን ብዛት ከሩቅ ሆኜ ስመለከት አድናቆቴን መደበቅ የማይቻለኝ፣ በጣቢያዎ የወደቅሁ፣ በመንገድ ግን እስካሁን ያልወደቅሁ፣ ትሑት ተመርማሪዎ

ማህሌት አምሐ

ግልባጭ፦
ለሚኒባሱ ተማሪዎች ወላጆች በሙሉ
ከመንገዱ ማዶ ላለው ጎሚስታ፣ የጣቢያው ዋና ባልደረባ በመሆኑ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከጨረስሁ በኋላ፣ ትናንት ማታ፣ ተቅዋን ልጠይቅ ሄጄ በዚያ ጠዋት አጠገቧ ማን ተቀምጦ እንደነበር ጠየቅኋት። የእርስዎን ልጅ ስም ከነአባቷ ነገረችኝ። ስሟን በአደባባይ አልጽፈውም። ያን ዕለት ልጅዎ ቤት ስትገባ እርስዎም «ዝናብ ነው» እንደተባሉ እገምታለሁ፤ ማመልከቻዬ ላይ ያለውን ታርጋ አንብበውት ቢሆን ኖሮ ሌላ ይጠይቁ ነበር። ዛሬ በጠዋት ቢሮዎ ደወልሁ፤ «ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ስለዚያ ሚኒባስ ከሆነ በጽሑፍ አስገቢ» ተባልሁ፤ ይኸው አስገባሁ። ሐሊማ ልጇን ከሚኒባሱ አስቀርታለች። የእርስዎ ልጅ ግን ዛሬም በዚያው ሚኒባስ፣ በዚያው ዝናብ ሄዳለች። የእኔ መኪና ሁለት ወንበር አላት፤ አንዱ ባዶ ነው። ፈቃድዎ ከሆነ ከነገ ጀምሮ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደጅዎ ቆሜ ልጅዎን ትምህርት ቤቷ አደርሳታለሁ፤ ቢቀጡኝም ቅጣቱ የእኔ ነው። ቦሎ የለኝም፤ ጎማ ግን አለኝ።